ክፍት የተረሳ ትራክ

ዙም አር16 ብብት ሥር ተይዞ የሚዞር፣ ከፈለጉም በስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዲጂታል የድምፅ መቅጃ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ዙም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር። በአንድ ጊዜ እስከ ስምንት ማይክ ይቀበላል፤ 16 ትራኮችን አንድ ላይ ያጫውታል። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው የመቅጃ ቁልፉ ላይ ነው። እኔ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ግን የየትራኩን ትንሽ ቁልፍ ነው፦ አረንጓዴ ስትበራ ትራኩ ይሰማል፣ ቀይ ስትበራ ለመቅዳት ተዘጋጅቷል፣ መብራቷ ሲጠፋ ሚውት ሆኗል፣ ማለትም ድምፁ ተዘግቷል።

የማይፈለግን ትራክ መዝጋት ከቴፕ ዘመን የመጣ ልማድ ነው። ምንም ያልተቀዳበት ቴፕ እንኳ ሲዞር ሽሽ ይላል። እኩል የሚያሾሹ ሁለት ትራኮች ሲደመሩ ሽሽታው በ3 ዲሲቤል ይጨምራል፤ አራት ሲሆኑ በ6፣ ስምንት ሲሆኑ በ9። ስለዚህ ባዶውን ትራክ መዝጋት ግዴታ ነበር።

ዲጂታሉ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ያልተቀዳበት ትራክ የሚያጫውተው ነገር ስለሌለ ተዘጋም አልተዘጋም ያው ነው። ጣጣው ያለው ባዶ በሚመስለው ዘንድ ነው።

ማሲንቆ፣ ከበሮና ድምፃዊ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይቀዳሉ እንበል። ማሲንቆው የሚገባው በመግቢያውና በአዝማቹ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ዝም ሲል ማይኩ ዝም አይልም፤ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ ቅኝት ለማስተካከል የሚነካካትን ጭራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጎረቤቱን ከበሮ ይለቅማል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና ያው ምት ማሲንቆው ማይክ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዳንዱ የድምፅ ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ከበሮውም እንደ ጣሳ መጮህ ይጀምራል። ባለሙያው ኢኳላይዘሩን እያዞረ ይደክማል፤ ጥፋቱ ግን ከበሮው ትራክ ላይ አይደለም። ማሲንቆውን ሚውት ቢያደርገው ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይለይ ነበር።

የድምፁን መጠን የሚወስነውን ተንሸራታች፣ ፌደሩን፣ ወደ ታች መሳብስ አይበቃም? ድምፁ ይጠፋል፤ ግን ተለፍቶ የተገኘው ልክም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ አንዳንድ ሚክሰር ላይ ወደ ሪቨርብ የሚሄደው ድምፅ ከፌደሩ በፊት ስለሚወሰድ፣ ማሲንቆው ከሄደ በኋላ ማሚቶው ይቀራል። መደምሰስ ደግሞ ለማይመለስ ነገር መቸኮል ነው። ሚውት ግን የተቀዳውን አይነካም።

አንድ ጉድለት አለው፤ የሚዘጋው መላውን ትራክ ነው። ማሲንቆው አዝማቹ ላይ የሚመለስ ከሆነ ትራኩን ወደ ሌላ ባዶ ትራክ ቀድቶ፣ ከቅጂው ላይ መካከሉን ብቻ ማጥፋት፣ ዋናውን ሚውት አድርጎ ማቆየት ይሻላል። ዘፈኑ ወደ ስቴሪዮ ሲጠቃለል ሚውት የሆነው አይገባም። ስለዚህ ከመጠቅለሉ በፊት መብራቶቹን ከዳር እስከ ዳር ማየት ነው፦ ሳያስፈልግ የበራውን ብቻ ሳይሆን፣ መብራት ሲገባው ጠፍቶ የቀረውንም።