«ሙሽታጊን» ያለ ሁሉ አላፈቀረም

ሳጃና ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ ያለ ሰፈር ነው። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ከተሜው የሚያውቀው በብረታ ብረትና በግንባታ ዕቃ ገበያው ነበር። እዚያም ሆነ በአቅራቢያው ባለው ዴም ኢትዮጵያውያን ቤት ተከራይተው፣ ጀበና ጥደው፣ እንጀራ ጋግረው ኖረዋል። አዲስ የመጣች ልጅ ከሱዳን ዓረብኛ መጀመሪያ የምትይዘው ቁጥርና ዋጋ ነው። የፍቅር ቃላቱ ግን ሳትፈልጋቸው ወደ ጆሮዋ ይመጣሉ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው «ሙሽታጊን» ነው፤ «ናፍቀናል» ማለት ነው። ገና ቋንቋውን ያልለመደ ሰው ልቡ ሊደነግጥ ይችላል። ሆኖም ይህንኑ ቃል ሽማግሌ ለሽማግሌ፣ ነጋዴ ለደንበኛው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይለዋል። በብዙ ቁጥር መነገሩ ራሱ ፍንጭ ነው፤ የናፈቀው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ነው። ሱዳናዊ ሰላምታ ረጅምና ሞቅ ያለ ስለሆነ የእኛ ሰው ቶሎ ይወደዋል። የፍቅር ቋንቋ የሚማር ሰውም መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንኑ ነው፦ የትኛው ቃል ለሁሉ እንደሚባልና የትኛው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚቀመጥ።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚቀመጠው «ባሪዳክ» (እወድሃለሁ) ነው፤ ለሴት ሲሆን «ባሪዲክ»። የግብፅ ፊልም አይቶ ያደገ «ባሕብክ»ን ያውቃል፣ ሱዳንም ይገባዋል፤ የዘፈኑና የሰፈሩ ቃል ግን «ባሪዳክ» ነው። ሥሩ «መፈለግ» ነው። ስፔንኛም እንዲሁ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኩባ ውስጥ፣ የወጣቶች ደሴት በተባለችው ስፍራ የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች «ቴ ኪዬሮ» የሚለውን ሐረግ እዚያው አውቀውታል፤ ቃል በቃል «እፈልግሻለሁ»፣ በአነጋገር ግን «እወድሻለሁ»። ከዚያ የሚከብደው «ቴ አሞ» ለጥልቅ ፍቅር ይቆያል። ሐቫና ላይ ቀድሞ «ቴ አሞ» ያለ ወጣት እንደ ችኩል ይታያል፤ ሳጃና ላይም በሳምንቱ «ባሪዲክ» ያለ ሰው ከዚያ የተሻለ ዕድል አልነበረውም።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወንድና ሴትን በአንድ ቃል ስለሚያነጋግር «ዳክ» እና «ዲክ» ያደናግሩታል። «እወድሃለሁ» እና «እወድሻለሁ» እያለ ላደገ ሰው ይህ ሥራ አይደለም። ጆሮውም ዝግጁ ነው። የሱዳን ማዕከላዊ ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ በመሆኑ ሰይድ ኸሊፋና ሙሐመድ ዋርዲ አዲስ አበባ ውስጥ ቋንቋቸውን በማያውቅ ሕዝብ ተወድደዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያረፈው ዋርዲ ራሱ ኑቢያዊ ነበር፤ በኑቢያኛም በዓረብኛም ዘፍኗል።

ከዘፈን የሚማር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በዓረብኛ ግጥም ልማድ ተወዳጇ ሴት ሆና ሳለ በወንድ አጠራር ትጠራለች፤ ስለዚህ ካሴት ሰምቶ ያጠና ሰው ለሴትም ለወንድም «ሐቢቢ» (ውዴ) ይላል። ፊት ለፊት ለሴት «ሐቢብቲ» ይሻላል። ውበቷን ለማድነቅ መጽሐፍ «ጀሚላ» ያስተምራል፤ ሱዳናዊ ግን «ሰምሐ» ሲል ነው ፊቱ የሚፈካው።

ድምፁስ? አማርኛ «ሐ» እና «ዐ»ን በፊደል አቆይቶ በአንደበት ጥሏቸዋል። ትግርኛ ተናጋሪ ግን ዛሬም ከጉሮሮው ያወጣቸዋልና «ሐቢብቲ» እና «ያ ዐሰል» (ማሬ) ከእሱ አፍ ሲወጡ ያምራሉ። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ያለው ሰው አስተማሪ አያጣም። የመጽሐፍ ዓረብኛው «ቀልቢ» (ልቤ) ደግሞ በካርቱም አንደበት «ገልቢ» ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ካርቱም ውስጥ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባል ነበር፤ በሴት አለባበስና በወንድና ሴት አብሮነት ላይ ፖሊስ እጁን እንዲያስገባ ይፈቅድ ነበር፣ ግርፋትም ነበረበት። ሕጉ የተሻረው በኅዳር 2012 ዓ.ም. በሽግግሩ መንግሥት ነው። መንገድ ዳር ሻይ ለምትሸጥ ወይም ሰው ቤት ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት፣ ከደንበኛ ወይም ከአሠሪ የሚመጣ ጣፋጭ ቃል ሁልጊዜ ጣፋጭ አልነበረም። ስለዚህ የማሽኮርመሚያ ሐረግ የሚያስተምር ሁሉ የመከልከያውንም አብሮ ማስተማር አለበት። «ዐይብ» (ነውር ነው) አጭርና ጠንካራ ነው። «ያ አኹይ» (ወንድሜ) ደግሞ ይበልጥ ብልሃት አለው፤ ሰውየውን ሳያዋርድ ከፈላጊነት ወደ ወንድምነት ያዛውረዋል። አገራችን ውስጥም «ወንድሜ» ስንቱን አስመልሷል!

ጉዳዩ የምር ከሆነ ቃሉ ከሁለቱ እጅ ይወጣል። የወንዱ ቤተሰብ ወደ ሴቲቱ ቤት ሄዶ «ጎለት ኸይር»፣ የደግ ነገር ቃል፣ ይናገራል። ሽማግሌ መላክን ለሚያውቅ ሐበሻ ይህ ባዕድ አይደለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ቋንቋም የትሕትናና የምርቃት እንጂ የ«ባሪዲክ» አይደለም።

ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ስዑር ነው፤ የካርቱም ኢትዮጵያውያን ፋሲካን ለመቀበል ሲዘጋጁ። ነዋሪው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ካይሮም ተበተነ። ካይሮ የገባ ሰው የሳጃናውን ዓረብኛ ጥቂት ማስተካከል ግድ ይሆንበታል፦ «ባሪዲክ» እዚያ «ባሕብክ» ነው፣ የ«ገልቢ» «ገ» ትጠፋና «አልቢ» ይባላል፣ ለናፍቆትም ሴትን «ወሐሽቲኒ» ይሏታል። «ሰምሐ» ያለ ሰው ግን ከየት እንደመጣ ወዲያው ይታወቃል፤ ወደዚያው ካይሮ የተሰደደች የካርቱም ልጅ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የምትመርጠው ይህንኑ ነው።