ማስታወቂያው በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ

የኅትመት ጋዜጣ የወደፊት ዕጣ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በዜና ፍጥነት ላይ ያርፋል፤ መለኪያው ፍጥነት ከሆነ ግን ነገሩ ካበቃለት ቆይቷል። ማታ ገጹ ተዘግቶ፣ ሌሊት ማተሚያ ቤት አድሮ፣ ጠዋት በአዟሪ እጅ አራት ኪሎና ፒያሳ የሚደርስ ወረቀት ድርጊቱ በተፈጸመ በደቂቃዎች ውስጥ በቴሌግራም ከሚለቀቅ ዜና ጋር ሊሽቀዳደም አይችልም፤ ረቡዕና እሑድ የሚወጣው ሪፖርተርም ሆነ ቅዳሜ የሚነበበው አዲስ አድማስ ለዚህ ውድድር የተሠሩ አይደሉም። የጋዜጣን ዕድሜ የሚወስኑት አንባቢው ቶሎ ገልብጦ የሚያልፋቸው የመጨረሻዎቹ ገጾች፣ ማለትም የማስታወቂያ ገጾች ናቸው።

ጋዜጣ ገቢውን የሚያገኘው ከሽያጭና ከማስታወቂያ ሲሆን፣ የሽያጩ ገንዘብ የወረቀቱንና የማተሚያውን ወጪ እንኳ ለመሸፈን ይቸግረዋል። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ወጪ ይበልጥ ከብዷል። ጉድለቱን ሲሞላ የኖረው ማስታወቂያ ነው። በአራት ኪሎና በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች ጋዜጣን በጥቂት ገንዘብ ተከራይቶ፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን በማስታወሻ ደብተር ገልብጦ ወረቀቱን ለባለቤቱ መመለስ ለዓመታት የሥራ ፈላጊ ወጣቶች ልማድ ነበር፤ ይህ አንባቢ ዛሬ የሚፈልገውን ከስልኩ ያገኛል፣ ቀጣሪውም ተከትሎታል።

ከሞላ ጎደል በቦታው የቀረው በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ግልጽ ጨረታ አገር አቀፍ ሥርጭት ባለው ጋዜጣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲታወጅ ደንግጎ ነበር። ባንኮች ለብድር ዋስትና የያዙትን ቤት በሐራጅ፣ ማለትም ለዕዳ መክፈያ እንዲሆን በይፋ ጨረታ፣ ሲሸጡ ማስታወቂያውን በጋዜጣ ያወጣሉ፤ ፍርድ ቤቶችም አድራሻው ያልታወቀ ተከሳሽ በጋዜጣ እንዲጠራ ያዛሉ። እነዚህን ማስታወቂያዎች ቀረብ ብሎ ለተመለከተ፣ ዋናው ጉዳይ ያለው «ይህ ማስታወቂያ በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ተከታታይ ቀናት» በሚለው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ተጫራቹ ሰነድ የሚገዛበት፣ ሳጥኑ የሚታሸግበትና የሚከፈትበት ጊዜ ሁሉ የሚቆጠረው ከጋዜጣው አናት ላይ ከታተመው ቀን ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያም እንደዚሁ፤ የከሳሽ ጠበቃ ጥሪው የወጣበትን ገጽ ከነቀኑ ከመዝገቡ ጋር አያይዞ ያቀርባል፣ ተከሳሹ በቀጠሮው ካልተገኘ ደግሞ ጉዳዩ በሌለበት እንዲሰማ ሊታዘዝ ይችላል፤ በዚያች ገጽ ምክንያት ቤት፣ ርስት፣ የልጅ አሳዳጊነት ሊወሰን ይችላል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚፈለገው ተከሳሽ ያንን ገጽ የማንበቡ ዕድል ድሮም ጠባብ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እጅግ ጠብቧል፤ ስለዚህ ጋዜጣ የማሳወቅ ተግባሩን በበቂ ሁኔታ እየተወጣ ነው ብሎ መከራከር ለጋዜጣም አይጠቅም። ጽኑ ሆኖ የቆመው የማስረጃነት ተግባሩ ነው። ማሳወቅ መልእክቱ ለባለጉዳዩ እንዲደርስ ማድረግ ሲሆን፣ ማስረጃነት ግን ምን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደታወጀ ከዓመታት በኋላ ሳይለወጥ ማሳየት ነው፤ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ስለኖሩ አንድ ነገር መስለው ቆይተዋል።

በሌሎች አገሮች የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1645 የተመሠረተውና የመንግሥት ማስታወቂያዎች የሚወጡበት ፖስት ኦክ ኢንሪከስ ቲድኒንጋር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ ወረቀቱን ትቶ በበይነ መረብ ብቻ ይወጣል፤ ማስታወቂያው ግን ሕጋዊ ቤቱን አላጣም። የኦስትሪያው ቪነር ሳይቱንግ ታሪክ የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ1703 የጀመረው ይህ ጋዜጣ፣ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን በእርሱ ላይ እንዲያወጡ የሚያስገድደው ድንጋጌ በሕግ ሲሻር ዋነኛ ገቢው ደረቀና የመጨረሻውን ዕለታዊ ኅትመቱን እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2023 አውጥቶ ወደ በይነ መረብ ዞረ። ጦርነትንና የመንግሥታትን መለዋወጥ ተሻግሮ ከ300 ዓመት በላይ የዘለቀ ኅትመት በአንድ የሕግ ለውጥ ሊቆም መቻሉ፣ የጋዜጣ ህልውና ከአንባቢ ፍቅር ይልቅ በእነዚያ ደረቅ ገጾች ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ያሳያል።

ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ላይ ናት፤ የመንግሥት ጨረታ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት እየተዛወረ ነው፣ ለግልጽነትና ለወጪ ቁጠባም ይህ የሚደገፍ ነው። አሳሳቢው ማስታወቂያው ከጋዜጣ ሲወጣ ወዴት እንደሚገባ ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በልማድ የሚያዘነብሉት ወደ ማኅበራዊ ገጾቻቸው ነውና። በቴሌግራም ቻናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ባለቤቱ ባሻው ጊዜ ሊታረም ይችላል፤ ሲታረም መታረሙን የሚጠቁም ምልክት ቢያሳይም የቀድሞው ቃል ምን እንደነበር ለአንባቢ አያሳይም፣ ሲሰረዝ ደግሞ ቦታው ባዶ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። ጋዜጣ ሲሳሳት እርማቱን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቁጥር ያወጣል፤ ስሕተቱና እርማቱ ሁለቱም ለምስክርነት ይቀራሉ።

የዚህ ዋጋ ከጨረታና ከመጥሪያ አልፎ ለአገር ታሪክም ይተርፋል። ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ አንድ ወር ያህል በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን፣ በ1966 ዓ.ም. መባቻ ግርማዊነታቸውን ሲያወድስና በ1967 ዓ.ም. መባቻ ውድቀታቸውን ሲያበሥር አንዱን ቃል በሌላው መሸፈን አልቻለም፤ ሁለቱም ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ተመሥርተው የከሰሙት የግል ጋዜጦችም አሳታሚዎቻቸው ከተበተኑ በኋላ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለተመራማሪ ደርሰዋል። በድረ ገጽ ብቻ ሲወጣ የነበረ መጽሔት ግን ባለቤቱ ዓመታዊ የአገልግሎት ክፍያውን መክፈል ሲያቅተው፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ከሌለው በቀር ዓመታት የፈጀ ሥራው በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ይህ ደግሞ በግምት የሚነገር ሥጋት ሳይሆን የተዘጉ ገጾችን አድራሻ ለሚሞክር ሁሉ የሚያጋጥም ነው።

ወረቀቱን በድጎማ ብቻ ማቆየት ለጊዜው ካልሆነ አያዛልቅም፤ ጥልቅ ትንታኔ ይዘው በሳምንት አንድ ቀን የሚወጡ ጥቂት ጋዜጦች ታማኝ አንባቢዎቻቸውን ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ፣ የቀረው ወደ ስክሪን ይሄዳል። ሕግ አውጪው ግን «በጋዜጣ» የሚለውን ቃል ከየአዋጁ ከመፋቁ በፊት፣ ተተኪው መድረክ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የማይለወጥ ቀንና ተከታታይ ቁጥር እንዲሰጥ፣ ማንኛውም እርማት ከቀድሞው ቃል ጋር አብሮ እንዲታይ፣ አሳታሚዎች የወረቀት ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንደሚያስገቡ ሁሉ የዲጂታል ቅጂውም በዚያው እንዲቀመጥ፣ ኢንተርኔት የማይደርስበት ባለጉዳይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ታትሞ እንዲያገኘው መደንገግ ይኖርበታል።