ቆሎ ማኘክ ያቃተው መንጋጋ

ከጆሮ ፊት፣ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ሰው በተናገረ፣ ባዛጋና ባኘከ ቁጥር የሚሠራ ሲሆን፣ ገብስና ቆሎ በማይታጣበት በሰሜን ተራሮች አካባቢ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል። ይህ መገጣጠሚያ ሲታመም መነሻው ብዙ ጊዜ ጥርስ ወይም ጥርስን ማፋጨት ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከአፍ ርቆ አንጀት ውስጥ ይገኛል።

የአንጀት ብግነት ሕመም የሚባለው የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት እየወጋ ለዓመታት የሚያቆስልበት ሕመም ነው፤ ከዓይነቶቹ አንዱ ትልቁን አንጀት የሚያጠቃው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሲሆን፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1932 እነ በሪል ክሮን በኒው ዮርክ የገለጹትና ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊይዝ የሚችለው ክሮንስ ነው። ብግነቱ፣ ማለትም የሰውነት ክፍል ቀልቶና አብጦ መታመሙ፣ ወደ ዓይን፣ ወደ ቆዳና ወደ መገጣጠሚያም ይዘልቃል። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና አከርካሪ በብዛት ስለሚጠቁ ይታወቃሉ፤ መንጋጋ ግን ይዘነጋል።

የአንጀት ብግነትን መለየት ግን ቀላል አይደለም፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ቁርጠት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በቅድሚያ አሜባ ተብሎ ይታከማል፤ ይህም ስሕተት አይደለም፣ ተላላፊው ተቅማጥ ይበዛልና። አስቸጋሪው የአንጀት ቲቢ ነው፤ ከክሮንስ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ከአንጀት ናሙና ተወስዶ እንኳ መለየቱ ያዳግታል፣ የክሮንስ መድኃኒቶች ደግሞ የመከላከያ አቅምን ስለሚያዳክሙ ያልታወቀ ቲቢን ያባብሳሉ። ስለዚህ አንጀትን በካሜራ የሚያይ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከሊማሊሞ ዳገት በታች ለምትገኘው ለድብ ባሕር ነዋሪ ይህ ማለት ዳገቱን ወጥቶ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ጎንደር መድረስ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የነዋሪዎችን ልደትና ሞት መዝግቧል፤ እየተመላለሰ ለሚያሠቃየው ለአንጀት ብግነት ሕመምም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የማይቋረጥ ክትትል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የማስታገሻው ጉዳይ ነው። መንጋጋው የሚጠዘጥዘው ሰው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ሲወስድ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ጋብ ብሎ የነበረውን የአንጀት ብግነት ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ ጥርስ የሚያክመው ባለሙያ ስለ ተቅማጥና ስለ ክብደት መቀነስ፣ ሆድ የሚያክመውም አፍ ስለ መክፈትና ስለ ማኘክ ሊጠይቅ ይገባል። መነሻው እስኪታወቅ መንጋጋን በሞቀ ጨርቅ መያዝ፣ ቆሎውን ትቶ በአጥሚትና በለሰለሰ ምግብ መቆየት ያሳርፋል፤ በክሮንስ አንጀቱ ለጠበበ ሰውም ቆሎ አይመከርም።