«ባውቅ ኖሮ» በእንግሊዝኛ፦ ስለ ጸጸት ሰዋስው ተረትና እውነታ

ሰው ባለፈው ሥራው መጸጸቱ በዘርና በቋንቋ የማይለይ ጠባይ ቢሆንም፣ ጸጸቱን ለመግለጽ የሚመርጠው አንቀጽ ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እጅግ ይለያያል፤ ስለዚህም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምረው በሥራ ወይም በስደት አገር የሚገለገሉበት ወገኖቻችን፣ ስለ ሌላው ጉዳይ አቀላጥፈው ሲናገሩ ቆይተው «ምነው እንዲህ ባደረግሁ ኖሮ» ለማለት ሲነሡ አንደበታቸው ሲሰናከል ይታያል። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፉ የኖሩ የተሳሳቱ እምነቶችም አሉበት።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር የሰደደው «የኃላፊ ጊዜ ግሥ ምንጊዜም ያለፈ ዘመንን ያመለክታል» የሚለው ነው። «አይ ዊሽ አይ ኒው ኢንግሊሽ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ይህ እምነት የያዘው ተማሪ ሲያነበው፣ ተናጋሪው ስለ ቀድሞ ዕውቀቱ የሚያወራ ይመስለዋል፤ ተናጋሪው ግን የሚያዝነው ዛሬ እንግሊዝኛ ባለማወቁ ነው። ግሡ ወደ ኃላፊ ያፈገፈገው ዘመንን ለመቍጠር ሳይሆን ነገሩ እውን አለመሆኑን ለማስታወቅ ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው «የሰዋስው ፍልስፍና» በተባለው መጽሐፉ ጊዜና የግሥ መልክ አንድ እንዳልሆኑ፣ የኃላፊ መልክም በምናብ ያለውን ነገር ሊያመለክት እንደሚችል አብራርቶታል። እንግዲህ ያልሆነው ነገር የዛሬ ሲሆን ግሡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚል ከሆነ፣ ያልሆነው ነገር ያለፈ ሲሆን ሌላ አንድ እርምጃ ጨምሮ ወደ ሩቅ ኃላፊ መሄዱ ግድ ነው፤ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ» ማለት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። «ሃድ» የገባው ነገሩ ጥንታዊ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት ስላመለጠ አውቶቡስ የሚጸጸት ሰውም ያንኑ «ሃድ» ይናገራል።

ይህን ሥርዓት እንግዳ አድርጎ መመልከት ለእኛ አይገባም ነበር። ግዕዝ «ሶበ አእመርኩ እምመጻእኩ» ሲል በሁለቱም ወገን የኃላፊ አንቀጽ ያቆማል፤ ያልሆነ መሆኑን የሚያሳውቁት ሶበ እና እም ናቸው። አማርኛ ግን በሌላ መንገድ ሄዶ «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ይላል፤ ይህ «እመጣ ነበር» ደግሞ «ልጅ ሳለሁ እዚህ እመጣ ነበር» ከሚለው ጋር መልኩ አንድ ነው። ስለዚህ ቃል በቃል የሚመልስ ሰው «ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ዋዝ ካሚንግ» ይልና፣ ሰሚው ሰውየው በመንገድ ላይ እንደ ነበረ ይረዳል። ትክክለኛው «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ከም» ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን «ሃድ ቱ» እና «ሹድ ሃቭ» አንድ ናቸው የሚለው እምነት ነው። «መሄድ ነበረብኝ» የሚለው አማርኛችን ሁለት ፊት አለው፤ «ሐኪሙ ስለ ጠራኝ መሄድ ነበረብኝ» ያለው ሰው ሄዷል፣ «መሄድ ነበረብኝ፤ ስንፍና ያዘኝ» ያለው ግን ቀርቷል። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለት ፊቶች ፈጽሞ አይቀላቅልም፤ ለሄደው «ሃድ ቱ ጎ»፣ ለቀረው «ሹድ ሃቭ ጎን» ይላል። በዚህም የተነሣ አንድ ሠራተኛ ትናንት ሳይደውል በመቅረቱ አለቃውን ይቅርታ ሲጠይቅ «አይ ሃድ ቱ ኮል ዩ» ቢል፣ አለቃው ያመለጠውን ጥሪ በስልኩ ላይ መፈለግ ይጀምራል። አሉታው ደግሞ የባሰ ነው። ክፉ ቃል ተናግሮ የተጸጸተ ሰው «እንዲያ ማለት አልነበረብኝም» የሚለውን በልቡ ይዞ «አይ ዲድንት ሃቭ ቱ ሴይ ዛት» ሲል፣ እንግሊዛዊው የሚሰማው «እንዲያ እንድል ያስገደደኝ አልነበረም» የሚል ነው፤ ይኸውም ንስሐ መሆኑ ቀርቶ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ሰውየው የፈለገው «አይ ሹድንት ሃቭ ሴድ ዛት» ነበረ። አንድ ተማሪ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ይያዝ ቢሉኝ ይህችን እመርጥለታለሁ።

ከ«ሹድ ሃቭ» ጋር የሚመሳሰለው «ማስት ሃቭ» ግን የጸጸት ቃል አይደለም፤ «ረስቼው መሆን አለበት» እንደምንለው ያለ ግምት ነው። «ሹድ ኦቭ» ብሎ መጻፍም፣ ምንም እንኳ የአገሩ ተወላጆች ራሳቸው ቢያዘወትሩት፣ በፈጣን ንግግር ተቀጥፎ «ሹደቭ» ከሚሰማው «ሹድ ሃቭ» የተወለደ የጽሕፈት ስሕተት ነው። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖውን» በአሜሪካ አፍ ዘወትር ይሰማል፤ ለፈተናና ለደብዳቤ ግን አይመከርም።

ደግሞም መማሪያ መጻሕፍት ይህን የ«ባውቅ ኖሮ» አንቀጽ ሥርዓት ከጸጸት ጋር አዘውትረው ስለሚያስተምሩት፣ ጸጸት በሰዋስው ውስጥ ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰዋስው የሚናገረው ነገሩ እንዳልሆነ ብቻ ነው። ገደል የገባውን መኪና ሳይሳፈር የቀረ ሰው «ተሳፍሬ ቢሆን ኖሮ እሞት ነበር» ሲል በዚያው አንቀጽ ምስጋናውን ያቀርባል።

«ሪግሬት» የሚለው ግሥ ራሱ እንደ ተከታዩ ግሥ መልክ ትርጕሙን ይለውጣል። ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው በሚደርሰው ደብዳቤ ላይ «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» የሚል ሲያነብ፣ ጸሐፊው ስላለፈ ሥራው የተጸጸተ አይደለም፤ አሁን የሚነግረው ነገር የማያስደስት መሆኑን በትሕትና ያስታውቃል። ስላለፈው የሚጸጸት ሰው «አይ ሪግሬት ቴሊንግ ሂም» ይላል፤ ነግሮታል፣ ባልነገረውም ይወድ ነበር።

በመጨረሻ፣ «ሶሪ» ያለ ሁሉ ጥፋቱን አምኗል የሚለው ይቀራል። በለቅሶ ቤት «አይ አም ሶሪ» የሚለው ሰው እኛ «እግዜር ያጽናችሁ» የምንለውን ነው የሚለው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የካሣ ሕግ፣ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን የቸልተኝነት እምነት ቃል ሆኖ እንደማይቈጠር ደንግጓል። ነገሥታትና መንግሥታትም በኀዘን መግለጫና ጥፋትን በማመን መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ያውቁበታል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ አውሮፕላን ከሐይናን ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተጋጭተው ቻይናዊው አብራሪ በጠፋ ጊዜ፣ ቤጂንግ ይቅርታ ካልተጠየቅሁ 24ቱን የአሜሪካ በረራ ባልደረቦች አልለቅም ብላ ነበር። በ11ኛው ቀን የአሜሪካ አምባሳደር በጻፈው ደብዳቤ ላይ ስለ አብራሪው ሞትና አውሮፕላኑ ያለ ፈቃድ ስለ ማረፉ «ቬሪ ሶሪ» የሚሉት ቃላት ሁለት ጊዜ ሰፈሩ፤ ዋሽንግተን ለሕዝቧ ይህ የኀዘን መግለጫ እንጂ የይቅርታ ጥያቄ አይደለም ስትል፣ ቤጂንግ በቋንቋዋ መልሳ ለሕዝቧ ይቅርታ ተጠየቅን አለች፤ ባልደረቦቹም በማግስቱ ወደ አገራቸው ጕዞ ጀመሩ።