ቶንሲል እንዴት የልብ ህመም ያመጣል?



«ልጄ ጉሮሮውን ታሞ ነበር፣ ድኖ ትምህርት ቤቱም ገባ። አሁን ደግሞ ልቡን አሞታል ተባልን። ጉሮሮና ልብን ምን አገናኛቸው?» ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጆች ይጠይቁናል። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ነርሶችም «ለእናትየው በቀላሉ እንዴት ላስረዳት?» ትላላችሁ። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሁሉም የጉሮሮ ህመም አንድ ነው?

አይደለም። አብዛኛውን የጉሮሮ ህመም የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ካለው ብዙ ጊዜ ጉንፋን ነው፤ አንቲባዮቲክ ሳያስፈልገው በራሱ ይለቃል። ለልብ የሚያሰጋው ግን ምድብ «ኤ» ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ሲሆን፣ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቤትና በሚማርበት ክፍል በቀላሉ ይተላለፋል።

እነዚህን ካያችሁ ጠርጥሩ፦
👉 በድንገት የጀመረ የጉሮሮ ህመምና ትኩሳት
👉 ምራቅ ለመዋጥ እንኳን መቸገር
👉 ያበጠ፣ የቀላ ወይም ነጭ መግል የያዘ ቶንሲል
👉 አንገት ላይ ሲነካ የሚያም እብጠት
👉 ሳልና ንፍጥ አለመኖር

ታዲያ ልብ ጋ እንዴት ይደርሳል?

ብዙ ሰው ባክቴሪያው ከጉሮሮ ወርዶ ልብ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ልብን የሚጎዳው የራሳችን የበሽታ መከላከያ ነው።

ባክቴሪያው ሲገባ ሰውነታችን እሱን ለይተው የሚያጠቁ አንቲቦዲዎችና ነጭ የደም ሴሎች ያዘጋጃል። ችግሩ ባክቴሪያው ላይ ያለው ፕሮቲን ልባችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። የተፈላጊ ፎቶ ይዞ የወጣ ፖሊስ፣ መልኩ ስለተመሳሰለበት ብቻ ንጹሑን ሰው ይዞ ሲደበድብ አስቡት። መከላከያውም ልብን ጠላት ነው ብሎ ያጠቃዋል። ይህ ቶንሲል በታመመ ልጅ ሁሉ ላይ አይደርስም። የማን ልጅ ላይ እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ምልክቱ የሚመጣው ከጉሮሮው ህመም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ፣ ጉሮሮው ከተረሳ በኋላ ነው። ሩማቲክ ፊቨር የምንለው ይሄ ነው፦
👉 ትኩሳት
👉 ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ህመምና እብጠት፤ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት፣ ከነገ ወዲያ ክርን
👉 የልብ ምት መፍጠን፣ ቶሎ መድከም
👉 አንዳንዴ ያለ ፈቃድ መወራጨት፤ ዕቃ ከእጅ መውደቅ፣ የእጅ ጽሑፍ መበላሸት

የመገጣጠሚያው ህመም በማስታገሻ ቶሎ ስለሚጠፋ «ብርድ ነው፣ ሲሮጥ ውሎ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መወራጨቱ ደግሞ የመንፈስ ነው ይባላል። ጸበል የምትወስዱ ካላችሁ ጸበሉ ይቀጥል፤ ነገር ግን ልቡንም በሐኪም አስመርምሩ።

ልብ ላይ ምን ይፈጠራል?

ልብ ውስጥ ደም ወደፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ 4 በሮች አሉ፤ ቫልቭ የሚባሉት ናቸው። ይህ በሽታ አብዝቶ የሚያጠቃው በግራ በኩል ያለውን ማይትራል የተባለውን በር ነው። በሩ ሲቆጣ በደንብ መዝጋት ያቅተውና ደም ወደኋላ ይመለሳል። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ በሩ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ ይጠባል። ደም ወደ ሳንባ ስለሚጠራቀም ትንፋሽ ያጥራል፣ ተጋድሞ መተኛት ያስቸግራል፣ እግር ያብጣል። የልብ ምት ሲዛባም ደም ልብ ውስጥ ይረጋና ወደ ጭንቅላት ሄዶ በወጣትነት ስትሮክ ያመጣል።

አንዳንድ ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው። በእርግዝና የደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር የጠበበው በር ያን ሁሉ ደም ማሳለፍ ያቅተዋል። ያረገዘች ሴት ተጋድማ መተኛት ካቃታት «የእርግዝና ድካም ነው» ብላችሁ አትለፏት።

ዋናውን ነገር እንያዝ፦ ጉዳቱ የሚደራረብ ነው። ባክቴሪያው በተመለሰ ቁጥር መከላከያው እንደገና ይነሳል፣ በሩ ላይ ሌላ ጠባሳ ይጨመራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥቃት በኋላ ትልቁ ሥራችን ሁለተኛው እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ጉሮሮውን በጊዜ ማሳከም። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። ሕክምናው አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ነው። በ3ኛው ቀን ተሽሎታል ተብሎ አይቋረጥም፤ ህመሙ ቢጠፋም ባክቴሪያው ገና አልጠፋም።

2. እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል በጣት ማፍረጥ ይቅር። ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ልብንም አያድንም። ትርፉ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ ንጽሕና በጎደለው ስለት ደግሞ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ነው።

3. መርፌው የታዘዘለት ሰው ቀጠሮ አያሳልፍ። ቤንዛቲን ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ደም የሚገባ መድኃኒት ነው። ከ4 ሳምንት በኋላ መጠኑ ስለሚወርድ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። እንደ ልቡ ጉዳት 5 ዓመት፣ 10 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊቀጥል ይችላል።

ለነርሶች

«ደህና ሆኛለሁ፣ ለምን እወጋለሁ?» ላለች ልጅ እንዲህ በሏት፦ «መርፌው ያለፈውን ጠባሳ አያጠፋም፤ አዲስ ጠባሳ ግን ይከለክላል። ደህና ስለሆንሽ ነው የምትወጊው።» መጥፎ ትዝታ ያለው ልጅ ስለማይመለስ የህመሙን ነገር አትናቁት። መድኃኒቱ ከፍሪጅ ከወጣ ቅዝቃዜው ይልቀቀው፤ ቀስ ብላችሁ ውጉ። ቤንዛቲን በጡንቻ ብቻ ነው፣ በደም ሥር በፍጹም አይሰጥም። አለርጂ መኖሩን ጠይቁ፣ አድሬናሊን አጠገባችሁ ይኑር። በራቸው በጣም የተጎዳ ታካሚዎች ከመርፌ በኋላ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ለእነሱ እንክብል ይሻል እንደሆነ የልብ ሐኪም ይወስን።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት መግለጫ ያወጡት እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። በሩ ከተበላሸ በኋላ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የኛ አገር ወረፋ ደግሞ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ጉሮሮ ማሳከም ግን በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የትምህርት ቤት ልጅ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልን።