አባሪውን አየሽው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሪፖርተር ከአንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ የሠራችውን ዜና ለአርትዖት አመጣችልኝ። አጻጻፏ ንጹሕ ነው። «አባሪውን አየሽው?» አልኳት። «ሠንጠረዥ ብቻ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለች። አብረን ገለጥነው። መግለጫው ተጠናቀቀ ያለው ሥራ በራሱ ሠንጠረዥ ላይ ገና ግማሽ ነው። ዜናው እንደ አዲስ ተጻፈ።

እኔም በጀማሪነቴ እንዲህ ያለ መግለጫ እንዳለ አሳትሜ ነበር። በማግስቱ አንድ አንባቢ ደውሎ፣ ከተቋሙ ሪፖርት ገጽ ጠቅሶ አረመኝ። ያ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አይ. ኤፍ. ስቶን ስለተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ስቶን ከሩሲያ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች በ1907 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ተወለደ። በ14 ዓመቱ የራሱን ጋዜጣ አወጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ሳይጨርስ ወደ ዜና ክፍል ሄደ። ግራ ዘመም መሆኑን ደብቆ አያውቅም። በ1952 ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ ሲዘጋ፣ ዘመኑ በኮሚኒስትነት የተጠረጠረ ሁሉ ከሥራ የሚገፋበት ስለነበር የሚቀጥረው አላገኘም። በጥር 1953 አራት ገጽ ያላት ሳምንታዊ ጋዜጣ በስሙ ጀመረ። የዓመት ክፍያዋ 5 ዶላር፣ ደንበኞቿ 5,300 ያህል ነበሩ። ሂሳቡንና የደንበኞቹን ጉዳይ ባለቤቱ አስቴር ያዘች።

ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ ባለሥልጣናትም ምሥጢር አያካፍሉትም። ስለዚህ አነበበ። የኮንግረስ ቃለ ጉባኤ፣ የበጀት ሰነድ፣ ሌሎች ገልጠው የሚያልፉትን ሪፖርት ሁሉ አነበበ።

በመስከረም 1957 አሜሪካ በኔቫዳ በረሃ ከመሬት በታች የኑክሌር ሙከራ አደረገች። ስቶን በኒው ዮርክ ታይምስ ዜና ግርጌ፣ ንዝረቱ በሩቅ ሀገር ከተሞች መመዝገቡን የሚናገሩ አጫጭር መስመሮች አየ። ለማጣራት አቅም አልነበረውም፤ ቆርጦ አስቀመጠ። ከወራት በኋላ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሙከራው ከ200 ማይል በላይ እንዳልተመዘገበ አስታወቀ። ነገሩ የቁጥር ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ የማይታወቅን ሙከራ በስምምነት ማገድ አይቻልም ለሚሉ ወገኖች ትልቅ ድጋፍ ነበር። ስቶን ያቺን ቁራጭ አወጣ። የመሬት መንቀጥቀጥ ወደሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዶ ጠየቀ። ንዝረቱ ከ2,000 ማይል በላይ በምትርቀው አላስካ ተመዝግቦ ነበር። ኮሚሽኑም መግለጫውን ለማረም ተገደደ።

ቁራጯ ብቻዋን ማስረጃ አልነበረችም፤ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነበረች። ለእኔ የሙያው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ማንበብ ግማሹ ሥራ ነው፤ ያነበቡትን አስቀምጦ ቀኑ ሲደርስ ማውጣት ሌላው ግማሽ።

በ1965 የአሜሪካ መንግሥት የቬትናም ጦርነት ከሰሜን የመጣ ወረራ መሆኑን ለማሳየት ሰነድ ሲያወጣ፣ ስቶን በቀጥታ ወደ አባሪው ሄደ። ከኮሚኒስት ሀገሮች የመጡ ተብለው የተዘረዘሩት መሣሪያዎች 179 ነበሩ። በሦስት ዓመት ከደቡብ ቬትናም አማጽያን የተማረከው መሣሪያ በጠቅላላ ግን 15,100 ያህል ነበር።

ይህ ዓይኑ በወዳጆቹም ላይ ሲያርፍ ዋጋ አስከፍሎታል። በ1956 ሶቪየት ኅብረትን ጎብኝቶ ያየውን ጭቆና ሲጽፍ ብዙ ደንበኞች ጥለውት ሄዱ። ስህተትም ሠርቷል። በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ የኮሪያን ጦርነት የደቡቡ ወገን ሳይቆሰቁሰው እንዳልቀረ ጠርጥሮ ነበር፤ በኋላ የተከፈቱ የሶቪየት መዛግብት ግን ወረራው በስታሊን ፈቃድ ከሰሜን እንደተዘጋጀ አሳይተዋል። መንግሥቱን በጠረጠረበት ልክ የራሱን ጥርጣሬ አልመረመረም። ይህን ለወጣቶቻችን ሳልነግራቸው አላልፍም፤ አባሪ የምንገልጠው ደስ የማይለን ሰው ሲናገር ብቻ ከሆነ ሙያው የለም።

ጋዜጣዋ በ1971 ስትዘጋ ደንበኞቿ 70,000 ገደማ ደርሰው ነበር። ስቶን ከዚያ በኋላ ጥንታዊ ግሪክኛ ተምሮ ስለ ሶቅራጥስ ፍርድ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1989 አረፈ።

ሪፖርተሯ የዚያን ቀን ሠንጠረዡን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው አልሄደችም። ቀን ጽፋበት መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። የከርሞው ሪፖርት ሲወጣ ጎን ለጎን ታነባቸዋለች።