«ጥናት አረጋግጧል» ሲሏችሁ «ሂሳቡን ማን ዘጋው?» በሉ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ አይደለም። ስለ ገንዘብና ስለ እውነት ነው። «ምን አገባን?» እንዳትሉኝ ብቻ! ነገሩ ከምንጠጣው ለስላሳ፣ ከምንቀባው ክሬም፣ ከምንውጠው ኪኒን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በደንብ ያገባናል።

መቼም በዚህ ከተማ ክርክር የሚዘጋ ዓረፍተ ነገር ቢኖር «በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚለው ነው። ይህ ከተባለ በኋላ ሁሉም ዝም! «ማን አረጋገጠው? በማን ገንዘብ?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ «ነገረኛ» ይባላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ነገረኛ መባልን ፈርታችሁ ይህቺን ጥያቄ አትተዉ። ለምን? አንድ እውነተኛ ታሪክ ላጫውታችሁ።

የስኳሩ ጉድ

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1965፣ አገሩ አሜሪካ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር በፈረንጅ ናቸው።) በዚያን ዘመን የልብ ሕመም ብዙ አሜሪካዊ ይገድል ነበር። ገሚሱ ተመራማሪ ጣቱን ወደ ስብ ሲቀስር ሌላው ደግሞ «ስኳርም አለበት» ማለት ጀመረ። ይህን የሰማው የስኳር ነጋዴዎች የምርምር ድርጅት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር ከፈለ። በ2016 ዋጋ ሲተመን ወደ 50 ሺህ ዶላር ይጠጋል።

ሥራው እስከዚያ ድረስ የወጡትን ጥናቶች ገምግሞ አንድ ጽሑፍ ማውጣት ነበር። ድርጅቱ እንዲታዩለት የሚፈልጋቸውን ጥናቶች ራሱ መርጦ ሰጠ፤ ረቂቁንም ከመታተሙ በፊት አየው። ጽሑፉ በ1967 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ፍርዱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጥፋተኞቹ ስብና ኮሌስትሮል ናቸው፤ ስኳርን የሚከሰው ማስረጃ ደግሞ ደካማ ነው! የስኳር ነጋዴዎቹ ስለመክፈላቸው ግን በጽሑፉ ውስጥ አንዲት መስመር አልነበረችም። ሰው ይህን የሰማው በ2016 ነው፤ ተመራማሪዎች አሮጌ ደብዳቤዎች ከቤተ መጻሕፍት መዝገብ ቆፍረው ሲያወጡ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!

እዚህ ላይ ሚዛናዊ እንሁን። በዚያን ጊዜ መጽሔቱ «ማን እንደከፈላችሁ ግለጹ» ብሎ አያስገድድም ነበር፤ ደንቡን ያወጣው በ1984 ነው። ስብን የሚከሰው ወገንም ሁሉ ተገዝቶ አይደለም፤ ከልቡ የሚያምንበት ሞልቶ ነበር። በ2018 ይህንኑ ያስታወሱ የታሪክ ምሁራን አሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት እዚሁ ላይ ነው። ነጋዴ የግድ ውሸት መግዛት የለበትም። የሚፈልገውን ነገር ቀድሞውኑ የሚያምን ሰው ይፈልግና ድምፅ ማጉያውን ይሰጠዋል። በቃ!

ዝምታም ይገዛል

ይኸው የስኳር ድርጅት በ1968 በእንግሊዝ አገር በአይጦች ላይ ለሚደረግ ጥናት ገንዘብ ሰጠ። ከውጤቶቹ አንዱ፣ ስኳር የተመገቡት አይጦች ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ይያያዛል ተብሎ የሚጠረጠር ኤንዛይም በርከት ብሎ እንደሚታይባቸው የሚጠቁም ነበር። ተመራማሪው ሥራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ ገንዘቡ ቆመ። ውጤቱም ሳይታተም ቀረ። ይህም የታወቀው በ2017 ነው። ማንም አልዋሸም፣ አያችሁ? ዝም ብቻ ተባለ!

ሲጋራውን ደግሞ እንይ። የሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን የመረመሩ 106 የግምገማ ጽሑፎች ተሰብስበው የተተነተኑበት ጥናት በ1998 ወጥቶ ነበር። ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ንክኪ ባላቸው ሰዎች ከተጻፉት 31 ጽሑፎች 29ኙ «አይጎዳም» አሉ። ንክኪ ከሌላቸው 75 ጽሑፎች «አይጎዳም» ያሉት 10 ብቻ ናቸው። ጭሱ ያው ጭስ፣ ሳንባው ያው ሳንባ! የተለየው ከፋዩ ነው። እኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። እነዚያን 29 ጽሑፎች ብቻ አንብበን ቢሆን ኖሮ ክልከላው የጉልበተኛ ሥራ ይመስለን ነበር።

እናቱን ብትጠይቋት...

«ታዲያ ሳይንቲስት ሁሉ ውሸታም ነው?» ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! ነገሩ እንደ ትዳር ማጣራት ነው። አንዲት ልጅ ልታገባው ስላሰበችው ሰው ጠባይ የገዛ እናቱን ብትጠይቅ እናቲቱ የግድ አትዋሽም። «ልጄ ሥራ ወዳድ ነው፣ ለታናናሾቹ አባት ማለት ነው» ትላታለች። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ሲጠጣ የሚያመጣውን ጣጣ ግን ካልጠየቀቻት አትነግራትም። በኩባንያ ገንዘብ የሚሠራ ጥናትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። አዲሱን መድኃኒት ደካማ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ጋር ያወዳድሩታል፤ ጉዳቱ ሳይታይ በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል፤ ጥሩ ውጤት ሲወጣ ያሳትማሉ፣ መጥፎው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪውም ሰው ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ ይፈልጋል፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባልም አይወድም።

በሌላ በኩል የኩባንያ ገንዘብ ባይኖር ዛሬ የሰው ነፍስ የሚያድኑ ብዙ መድኃኒቶች አይኖሩም ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን ብታቋርጡ እኔ የለሁበትም! ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙን ራሱን መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

«ጥናት አረጋግጧል» የሚል ነገር ሲገጥማችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጣል አድርጉ፦

1. ሂሳቡን ማን ዘጋው? በጥናቶች መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ጥናቱ ራሱ ካልተጠቀሰና «ጥናት» ብቻ ከተባለ ደግሞ ማስታወቂያ ነው ብላችሁ ያዙት።

2. ከምን ጋር ተወዳደረ? «ከሌላው ይሻላል» ሲሉ የትኛው ሌላ?

3. ጥቅም የሌለው ሰው ደግሞ ሞክሮ ያንኑ አግኝቷል? አንድ ጥናት ወሬ ነው፤ ብዙ ሲሆን ምስክር ይሆናል።

4. ጥናቱ አስቀድሞ ተመዝግቧል? ከ2005 ጀምሮ ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች በሰው ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ሳይጀመር በፊት ካልተመዘገበ አናትምም ብለዋል። ከተመዘገበ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ይታወቃል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። ሁሉን የሚጠረጥር ደግሞ መድኃኒቱንም መርዙንም አንድ ላይ ይደፋል። የሚሻለው ጠርጥሮ መጠየቅ፣ ጠይቆም መልሱን መስማት ነው። የምንጠጣው እኛ፣ የምንታመመውም እኛ ነንና ከፋዩን የማወቅ መብቱም የኛው ነው።

በሉ ደህና ሰንብቱልኝ!